«አድን» የሚለው ቁልፍ

«ቲቸር፣ ለአንድ ቃል ይሄ ሁሉ?»

አንዲት ተማሪዬ ይህን ያለችኝ ኅዳር ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ በትውስት ባገኘናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነን። ውጭ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ውስጥ 9 ልጆች ጃኬት ላይ ጋቢ ደርበው ላፕቶፕ ላይ አቀርቅረዋል። በዚያ ብርድ የላፕቶፕ ሙቀትም ይፈለጋል። እኔ ዋይትቦርዱ ላይ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም) ላይ የመሳተፊያውን 14ኛ ደረጃ ጽፌ የማርከሩን ክዳን እየፈለግኩ ነበር።

የመለስኩላት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «ሥርዓቱ ነዋ!» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ሁለት ቅዳሜ ታግላ በሦስተኛው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ምሳ እየበላሁ ይመጣብኛል። ባጃጅ ውስጥ ይመጣብኛል። የሰነፍ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ እረሳው ነበር።

## ማንን ነው የማድነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቷ እናት ደብረ ሲና ቆሎ ይሸጣሉ። ዱቤ የወሰደባቸውን ሰው በስልካቸው ይመዘግባሉ። አፑን የጫነችላቸው ልጅቷ ናት። ነፃ ነው፣ ኦፕን ሶርስ ነው፣ አማርኛም አለው። እናትየው የደንበኛውን ስምና የብሩን መጠን ሞልተው ሲጨርሱ ከታች አንድ ቁልፍ ብቅ ይላል። «አድን» ይላል።

«ማንን ነው የማድነው?» አሉ እናትየው።

ኮምፒውተር የነካካ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እንግሊዝኛው «ሴቭ» ነው። የተረጎመው ሰው መጀመሪያ የመጣለትን ትርጉም ወስዶ ሄዷል። «አስቀምጥ» መባል የነበረበት ቁልፍ ነፍስ አዳኝ ሆኖ ቀረ። እናትየው ትንሽ ያመነታሉ፣ ከዚያ ምንም ሳይነኩ ይወጣሉ። የጻፉት ዱቤም አብሮ ይጠፋል። ስንሰማው ሳቅን እንጂ ለሳቸው የገንዘብ ጉዳይ ነበር።

ልጅቷ እኔ ጋ የመጣችው ይህችን አንዲት ቃል ለማረም ነው። ከዘጠኙ ልጆች የምትፈልገውን በትክክል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ «ኦፕን ሶርስ ላይ መሳተፍ» ነው የሚፈልጉት። አልፈርድባቸውም። ልምድ የለህም እየተባለ በሚመለሱበት የሥራ ገበያ፣ ስምህ ያለበት፣ ማንም ከፍቶ የሚያየው ሥራ ትልቅ ነገር ነው። እሷ ግን ሲቪዋን አላሰበችም። «አድን»ን ማጥፋት ነው የፈለገችው።

እኔ ደግሞ 14 ደረጃ ሰጠኋት። ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበትና የሚታረምበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንት ክፈቺ። ጊትን (የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን ፕሮግራም) ጫኚ። ስምና ኢሜይልሽን አስገቢ። የኤስኤስኤች ቁልፍ ፍጠሪ። ሪፖውን (የፕሮጀክቱን ማከማቻ) ፎርክ አድርጊ፣ በስምሽ ቅጂ ውሰጂ። ክሎን አድርጊ፣ ወደ ላፕቶፕሽ አውርጂ። አፕስትሪሙን አገናኚ። ብራንች (ለብቻ የሚታረም ቅርንጫፍ) ክፈቺ። አርሚ፣ ኮሚት አድርጊ (ለውጡን መዝግቢ)፣ ሪቤዝ አድርጊ (ለውጥሽን በአዲሱ ኮድ ላይ መልሰሽ ደርቢ)፣ ፑሽ አድርጊ (ወደ ጊትሀብ ላኪ)... ሁሉም ትክክል ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ነው የገባሁት፣ ማንም ሳያሳየኝ፣ አዲስ አበባ ካፌ ለካፌ ዋይፋይ እያሳደድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የተሠቃየሁበትን መንገድ ሌላ ሰው በአቋራጭ ሲያልፈው ማየት አልፈልግም ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በክሎን አለቀ። ሪፖው የብዙ ዓመት ታሪክ የተሸከመ ነው። እሷ በስልኳ ሆትስፖት ነው የምታወርደው። የላፕቶፗ ባትሪ የሞተ ስለሆነ ሶኬት ላይ ተሰክታለች። 71 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ጊት ክሎን ደግሞ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም። ከዜሮ ነው። መብራት ሲመጣ እንደገና ካርድ ሞላች።

ለዚህ መላ አለው። ክሎን ስታደርግ «ዴፕዝ 1» የምትል ነገር ብትጨምር የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ አውርዶ ታሪኩን ይተውልሃል። አውቀው ነበር። አልነገርኳትም። «መጀመሪያ ሙሉውን ይልመዱ» የሚል አቋም ነበረኝ። አቋም ያልኩት አሁን ሳስበው በሰው ካርድ የተያዘ አቋም ነው።

ማታ ደግሞ ቤቷ ሆና አንድ የቆየ ቪዲዮ ታያለች። ቪዲዮው ፑሽ ስታደርጊ ፓስወርድሽን አስገቢ ይላል። ጊትሀብ እንዲህ ያለውን የፓስወርድ አሠራር ያቆመው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ነው። ከዚያ ወዲህ ቶክን ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ፓስወርዷን አልቀበልም ሲላት አካውንቴን ሰው ሰረቀኝ ብላ እንቅልፍ አጣች።

## ቀዩ ምልክት

እንዲያም ሆኖ በሁለተኛው ቅዳሜ ላከችው። ጊትሀብ ላይ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ሲከፈት ምልክቱ አረንጓዴ ነው። ሲቀበሉት ሐምራዊ ይሆናል። ሳይቀበሉት ሲዘጉት ቀይ። የሷ በማግሥቱ ቀይ ሆነ።

እኛ አገር ቀይ ምን እንደሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እናውቃለን። ቀይ እስክርቢቶ ነው፣ ኤክስ ነው። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ለማየት ሆዷ አልቻለም። ላፕቶፑን ከደነችው።

መቅረቷን የሰማሁት ከጓደኛዋ ነው። «ሳይቀበሏት ቀሩ እኮ» አለችኝ። ያን ማታ ሊንኩን ከፍቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላየሁትም። ቻል የማያደርግ ኦፕን ሶርስ ላይ አይዘልቅም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህች አባባል ምቹ ናት። መምህር ሁሉ አንድ እንዲህ ያለች አባባል ኪሱ ውስጥ ሳትኖረው አትቀርም።

## ደብረ ሲና ላይ

ጥር ላይ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስሄድ አውቶቡሱ ጣርማ በርን አልፎ ጠመዝማዛውን ወረደ። ጆሮዬ ድፍን ብሏል። ደብረ ሲና ቆመ። በደብረ ሲና አልፎ ቆሎ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው የለም፤ ወረድኩ።

«ቲቸር!»

ከቆሎው ጆንያ ኋላ ቆማለች። በጣሳ እየሰፈረች ነው። አጠገቧ እናቷ። መምህሯ መሆኔን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እርስዎ ነዎት እንዴ! ይቅመሱ እንጂ፣ ይቅመሱ» ብለው እጄን በቆሎ ሞሉት። ሁለት ቅዳሜ የልጃቸውን ካርድ ያስጨረስኩ ሰውዬ እፍኝ ሙሉ ቆሎ ይዤ ቆምኩ። ማኘክም አልቻልኩ፣ መመለስም ነውር ነው።

ልጅቷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና የእናቷን ስልክ አነሳች። አፑን ከፈተች። ስም ጻፈች፣ ብር ጻፈች። ቁልፉ መጣ። «አስቀምጥ» ይላል።

«ማን አስተካከለው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«በስልክ። እዚሁ ቁጭ ብዬ።»

ከዚያ ያን ቀይ ገጽ ከፈተችልኝና በጣቷ ወደ ታች ሳበችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ምንም አልተቆጣም። ይልቅስ አመስግኗታል። እርማቱ ልክ ይመስላል ይላል። ነገር ግን ትርጉም በዚህ በኩል አንቀበልም። ይህን ፋይል የሚጽፈው ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ቦቱ ቃላቱን የሚያመጣው ከትርጉም መድረኩ ስለሆነ እዚህ በእጅ የታረመ ነገር በሚቀጥለው ዙር ይደመሰሳል። ሊንኩ ይኸውልሽ፣ እባክሽ እዚያ አስገቢው። ይኸው ነው።

ንዴቷ በርዶላት መልእክቱን ያነበበችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሊንኩን ነካችው። በስልክ የሚከፈት ገጽ ነው። አማርኛን መረጠች። በአንድ በኩል እንግሊዝኛው አለ፣ ከሥሩ ባዶ ሳጥን። «አስቀምጥ» ብላ ጻፈች፣ ላከች። ጊት የለ፣ ክሎን የለ፣ ሪቤዝ የለ። እዚያው ሳለች ሌላውንም አየችው። ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ «ጀርባ» ይላል። እሱን «ተመለስ» አለችው። ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ሲቀዘቅዝ 43 ቃል አርማለች።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህንን ነው። የላክኋት እኔ ነኝ፣ ላሟ የት እንደዋለች ሳልጠይቅ።

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ሒሳብ ልክፈል ብል እናትየው በፍጹም አሉ። እየሮጥኩ ገባሁ።

## መስኮት ሥር

ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «ለጀማሪ ከባድ መንገድ ሰጠሁ» የሚል ነው። ደስ የሚል መልስ ነው፤ በሚቀጥለው ቀላሉን እሰጣለሁ ትልና ትገላገላለህ። ግን አይሆንም። ቀላል የሚባለውን ብሰጣትስ? ጊትሀብ ላይ እርሳስ የምትመስል ምልክት አለች። እሷን ስትጫን ፎርኩንም ብራንቹንም ራሱ አዘጋጅቶ እዚያው ብራውዘር ላይ ያሳርምሃል። በ5 ደቂቃ ትልከው ነበር። በማግሥቱ ያው ቀይ። መንገዱ ረዝሞም አጥሮም ወደተሳሳተ በር ነው የሚወስደው።

እኔ ያላደረግኩት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ፕሮጀክት ሪፖው መግቢያ ላይ በትልልቅ ፊደል «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚባል ፋይል ያስቀምጣል። እንዴት እንደሚቀበሉ የሚናገረው እሱ ነው። ያኛውም ፕሮጀክት ነበረው። ስለ ትርጉም አንድ አንቀጽ ጽፈዋል። ለ9 ልጆች ሳስተምር አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። እኔ ሊቅ ሆኛለሁ ብዬ መጠየቁን ትቼው ነበር።

ልጆቹ አሁን አሁን ቻትጂፒቲን ይጠይቃሉ። ከዋይትቦርዴ ጋር የሚመሳሰል ዝርዝር ይሰጣቸዋል። እንዲያውም ከኔ ይሻላል፣ ጽሑፉ ይነበባል። ግን በጥቅሉ ለተጠየቀ ጥያቄ የሚመጣው ጥቅል መልስ ነው።

## የጓሳ ሣር

ስለ ኦፕን ሶርስ በአማርኛ የሚያወራ ሰው ሁሉ ደቦን ሳይጠቅስ አያልፍም። እኔም ስንቴ ጠቅሻለሁ። አሁን ብዙም አይጥመኝም። ደቦ ላይ ባለቤቱ ራሱ ጠርቶህ ነው የምትሄደው። ጠላው ተጠምቆ ይጠብቅሃል። እዚህ ማንም አልጠራህም።

የናቴ ወገኖች መንዞች ናቸው። ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሣር መሬት፣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሣሩ የጋራ ነው። ቤት ይከደንበታል። ግን የጋራ ነው ተብሎ ማጭድህን ይዘህ በፈለግክበት ቀን አትገባም። ለዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። መቼ እንደሚከፈትና ማን እንደሚገባ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ ሥርዓት ነበረው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ የተጎዳው ሣሩ ነው። ሕዝቡ በኋላ እንደገና ደንብ አውጥቶ ይዞታል።

«ኦፕን» የሚለውን ቃል ልጆቹ በር የለውም ብለው ነው የሚሰሙት። እኔ ደግሞ በሩ አንድ ነው ብዬ አስተማርኳቸው። ጊትን ራሱ ያየን እንደሆነ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ለሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ሰዎች ነው። እነሱ ለውጥ የሚለዋወጡት በኢሜይል ነበር፣ ዛሬም በኢሜይል ነው። ጊትሀብ የመጣው በ2008 ነው። የጊትሀቧን አረንጓዴ ቁልፍ ጊት ራሱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ ኮዱን ጌሪት በሚባል ሌላ የኮድ መቀበያ ይቀበላል፣ ትርጉሙን ትራንስሌትዊኪ በሚባል የትርጉም መድረክ። ፋየርፎክስን መተርጎም የፈለገ ፖንቱን ላይ ይገባል። ሊብሬኦፊስ ኮዱ በጌሪት ነው፣ ትርጉሙ በዌብሌት። ጌሪት ላይ ደግሞ አስተካክል ሲሉህ ሌላ ኮሚት አትጨምርም፤ ያንኑ ኮሚት አርመህ መልሰህ ትልካለህ። የጊትሀብ ልማዱን ይዞ የሄደ ሰው በእያንዳንዱ እርማት አዲስ የለውጥ ጥያቄ እየከፈተ ሰውን ግራ ያጋባል።

## የኢሜይሉ ልጅ

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ማርከር አላነሳም። አዲስ ለመጣ ልጅ የምጠይቀው ምኑ እንዳናደደው ነው። የሚያናድደው ነገር ከሌለ የሚወደውን አፕ ለአንድ ሳምንት ተጠቅሞ እንዲመጣ እልከዋለሁ። የሚያናድድ አይጠፋም። ከዚያ ፕሮጀክቱን አብረን እንከፍታለን። መመሪያውን እናነባለን። መመሪያ ያረጃልና በቅርብ ተቀባይነት ያገኙ አሥር ለውጦችንም እናያለን። ከየት ገቡ? ከውጭ የመጣ ሰው አለባቸው? ስንት ቀን ቆዩ? ስድስት ወር ሙሉ ማንም ያልመለሰበት ቤት ከሆነ ሌላ ቤት እንፈልጋለን። ላፕቶፑንና ካርዱን የምጠይቀውም ያኔ ነው። 4 ጂቢ ራም ያለው ማሽን ላይ ትልቅ ፕሮጀክት ልገንባ ማለት ቀኑን ሙሉ ሲዞር ማየት ነው።

በዚህ መንገድ የመጣ አንድ ልጅ የሊነክስ ከርነል ሰነድ ላይ የፊደል ስህተት አገኘ። መመሪያውን ስናነብ ፑል ሪኩዌስት አይቀበሉም። ሊነስ ጊትሀብ ላይ ያስቀመጠው ቅጂ ነው። ፓቹን፣ ማለትም የለውጡን ጽሑፍ፣ በኢሜይል ትልካለህ። ተራ ጽሑፍ መሆን አለበት፣ ቀለምና ቅርጽ የለውም፣ አባሪ የለውም። ለማን እንደምትልክ የሚነግርህ ስክሪፕት አለ። ሥራው የራስህ መሆኑን በስምህ ትፈርማለህ። ጂሜይሉ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሌላ ፓስወርድ ፍጠር አለው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ከ14ቱ ደረጃ የበለጠ ነው፤ እኔም ከፊሉን አላውቀውም ነበር፣ አብረን ተደናበርን። መልስ ቢዘገይ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳትጠብቁ ደግማችሁ አትላኩ ይላል መመሪያው። በ9ኛው ቀን «ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ» የሚል መጣ። ልጁ ስልኩን ይዞ ክፍሉን ዞረ።

ለአንድ ፊደል ነው ያ ሁሉ። እሱ ግን አንድም ቀን «ይሄ ሁሉ?» አላለም። በሩ ያ መሆኑን አስቀድሞ በዓይኑ አንብቦታል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታሞላቅቃቸዋለህ» ይለኛል። ሥራ ሲቀጠሩ ሪቤዝ አያውቁም ቢባሉስ? ግማሹን እቀበለዋለሁ። ጊትን ሳያውቅ የሚቀጥረው የለም። ግን ሪቤዝን ያለ ምክንያት የተማረ ልጅ በሳምንቱ ይረሳዋል። እኔ ራሴ ስንቴ ረስቼዋለሁ።

## አስቀ

የካቲት ላይ በሩን ከፍታ ገባች። ከደብረ ሲና ሙቀት መጥታ ብርዱን እየረገመች።

«ቲቸር፣ ተቆረጠ።»

«ምኑ?»

ስልኳን ሰጠችኝ። ቁልፉ የተለካው ለአራት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «አድን» ሲባል ይበቃው ነበር። «አስቀምጥ» ሲገባበት ትንሽ ስክሪን ላይ አልያዘውም፣ ጫፉ ተቆርጧል። «አስቀ» ይላል፣ ከዚያ ሦስት ነጥብ።

ይሄኛው ትርጉም አይደለም። የቁልፉ ስፋት ኮዱ ውስጥ ነው ያለው። ጊት ያስፈልጋል፣ ክሎን ያስፈልጋል። ደስ አለኝና ሳላስበው ወደ ዋይትቦርዱ ተነሳሁ።

«ቆይ ቲቸር» አለችኝ። «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚለውን ፋይል ከፍታለች። «መጀመሪያ ኢሹ፣ የችግር ማስታወቂያ፣ ክፈቱ ይላል። ከዋናው ብራንች እንዳትነሱ፣ ከ‹ዴቭ› ተነሱ ይላል። የበፊቱንና የኋላውን ፎቶ አያይዙ ይላል።»

ተቀመጥኩ። በዴፕዝ 1 አወረደችው። ሻይ ሳይቀርብ አለቀ። የበፊቱን ፎቶ ያነሳችው በናቷ ስልክ ነው፣ ስክሪኑ ስለሚያንስ። እናትየው በዚያው ሌላ ጥያቄ ጠይቀዋታል። ኢሹውን ስትጽፍ የመጀመሪያውን መስመር በዚያ ጀመረች። እንግሊዝኛው አጭርና ቀጥ ያለ ነው። በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይላል፤ «እናቴ ‹አስቀ› ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች።»

ኢሹው ላይ አንድ ሰው የሳቅ ምልክት አድርጎ «ላኪው» ብሏታል። ልካለች። ይህን ስጽፍ ምልክቱ ገና አረንጓዴ ነው።